አስራ ሰባተኛው ዙር

ሰኞ፣ 3

ደብዳቤው ዛሬ ደረሰኝ። የሞተር ውድድር ክለባችን አርባኛ ዓመቱን ሊያከብር ነው። «የዘመናት ታላቁን ሻምፒዮን» የሚመርጥ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ አምስት ሰዎች ነን። አዲስ የሚሠራው የተመልካቾች መቀመጫ በተመረጠው ሰው ስም ይጠራል። እኔ የገባሁት «ሃያ ስድስት ዓመት በታማኝነት ሰዓት ስለያዙ» ነው ይላል ደብዳቤው። በታማኝነት! ኤጭ። ሊቀመንበራችን ቃሉን ከየት እንዳመጣው እንጃ፤ የሆነ ሰው የጡረታ ካርድ ላይ አይቶት ይሆናል።

ታላቅ ይላሉ ደግሞ። ከተነሳበት ቦታ ተነስቶ፣ ሃያ አራት ጊዜ ዞሮ፣ እዚያው የሚደርስ ሰው ታላቅ ነው?

እምቢ ልል ነበር። ግን እኔ ካልገባሁ የድሮዎቹን የሰዓት መዝገቦች ሌላ ሰው ይከፍታቸዋል። ማን እጅ እንደሚገቡ ማን ያውቃል። እሺ ብዬ ፈረምኩ።

ሐሙስ፣ 6

የመጀመሪያው ስብሰባ። ከክለቡ ጋራዥ በላይ ያለችው ክፍል፤ ዘይት ዘይትና እርጥብ ምንጣፍ የምትሸት። መስኮቷ አይከፈትም። ሊቀመንበሩ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ልጣጩን መዝገቤ ላይ ያራግፋል። ሁለት ጊዜ ጠረግኩት። ሦስተኛውን ተውኩት።

ዕጩዎቹ ብዙ ናቸው ተብሎ ነበር፤ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ቀሩ። አንደኛው ቡልዶዘር ነው፣ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው። ፊቱ ያለውን ሁሉ ገፍቶ የሚያልፍ ሰው ስለነበር ነው ስሙ። ሁለተኛው ሐር፣ አራት ጊዜ ሻምፒዮን። ኩርባ ላይ ሲገባ ድምፁ እንኳ አይቀየርም ነበር።

«አምስት ከአራት ይበልጣል። ልጄ አንደኛ ክፍል ናት፣ እሷም ታውቀዋለች። እንሂዳ!» አለ ሊቀመንበሩ።

ሐኪሙ አልተስማማም። ሠላሳ ዓመት ውድድሩ ዳር አምቡላንስ ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ሰው ነው፤ ለሱ ታላቅ ማለት ተሰብሮ የተመለሰ ነው። የማን ትከሻ የት ቦታ እንደተሰነጠቀ ልክ የልጆቹን ስም እንደሚጠራ ሰው ጠራልን። የስፖርት ጋዜጠኛው ደግሞ ላፕቶፑን ከፍቶ «ማንን አሸንፎ ነው? ጥያቄው እሱ ነው፣ እማማ» አለኝ። እማማ! ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው እንጂ መቶ አልሞላኝም።

አምስተኛው አባል ሜካኒኩ ነው፣ የሐር ታናሽ ወንድም። ዘግይቶ ገባ። ገና በሩ ላይ ሳለ ሊቀመንበሩ «ዙር በላው መጣ! በል ዛሬ ደግሞ ስብሰባውን አንድ ሰዓት አሳጥርልን!» አለ። ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። ሁልጊዜ አብሮ ይስቃል። ያ ሳቁ ነው የሚያንገሸግሸኝ፤ ከነሱ ሳቅ ይልቅ የሱ።

ከዚያ ተነስቶ ተናገረ። «እኔ ልክደው አልችልም። ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ አይደለም። አምስተኛውን ዋንጫ ያሳጣሁት እኔ ነኝ። በኔ ጥፋት ከሱ አትቀንሱበት።»

ያን ቀን የሚለው ከአስራ ስምንት ዓመት በፊት የነበረውን የመጨረሻ ውድድር ነው። ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ዝናብ ነበር። ቡልዶዘር ይመራል፣ ሐር ጎማውን እየቆጠበ ከኋላው ተለጥፏል። ታናሽየው እንደ ወጉ በየዙሩ ስንት ዙር እንደቀረ በሰሌዳ ያሳየዋል። «2» ብሎ አሳየው። ሐር ሁለት ዙር አለኝ ብሎ ጠበቀ፤ በመጨረሻው ዙር ሊያልፍ። አንዱን ዞሮ ሲመጣ የመጨረሻው ባንዲራ ተውለበለበበት። አለቀ። በአንድ ሞተር ርዝመት ሁለተኛ ወጣ። ሐር ከሞተሩ ሳይወርድ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ወንድሙን «ሁለት መቁጠር ያቅትሃል?» አለው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ሰውም «ዙር በላው» የሚል ስም አወጣለት።

ስብሰባው አለቀ። መዝገቤን ዘግቼ ተነሳሁ። ሰዓት ያዥ ምን አስተያየት አለው።

ዓርብ፣ 7

ሥራ። የትምህርት ቤቱ ሪከርድ ክፍል ወረፋ እስከ ደረጃው። አንዲት እናት መጥታ ለልጇ አንዲት ነጥብ ብቻ ጨምሪልኝ ብላ ለመነችኝ። አርባ ዘጠኝ ናት፣ ሃምሳ አድርጊልኝ፣ ማን ያያል? «እኔ ያልተገኘ ነጥብ አልጽፍም!» ብዬ ጮህኩባት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ሰኞ፣ 10

ሜካኒኩ ቢሮዬ መጣ። እጁን አጥቦ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታሁዎት» አለኝ። የድሮዎቹን የሰዓት ወረቀቶች ኮፒ ማድረግ ፈልጎ ነው። ለወንድሙ የሚናገረውን ንግግር በቁጥር ሊያስደግፈው። «የዚያን ቀኑን ይተዉት፣ እሱን ማየት አልፈልግም» አለ።

ልቤ መለስ አለ። ከዚያ ልቤ መለስ በማለቱ ራሴን ጠላሁት።

ተቀመጠና አወራኝ። ልጁን ሲድር ለወንድሙ ካርድ ልኮለት ነበር። ካርዱ ሳይከፈት ተመለሰለት። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሐር ማዶ ይሻገራል። «መቀመጫው በስሙ ከተጠራ ግን» አለኝ፣ «ያን ቀን ያሳጣሁትን የመለስኩለት ያህል ነው እኮ። እሄድና አንኳኳለሁ። ያኔ አይመልሰኝም። ይመልሰኛል ይላሉ እትዬ?»

«አይመልስህም» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው!

አርባ አራት ዓመቱ ነው። ፀጉሩ ሁሉ ሸብቷል።

ሐሙስ፣ 13

ሁለተኛው ስብሰባ። በጥድፊያ።

ነጥብ ይቆጠር ተባለ። የለም፣ ዘመኑ የተለያየ ነው ተባለ። ሞተሩስ? ቡልዶዘር ምርጥ ሞተር ነበረው፣ ሐር አሮጌ። አሮጌውን ያሽከረከረ ይበልጣል። የለም፣ ጥሩውን ሞተር ማግኘትም ችሎታ ነው። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ መታ። ኦቾሎኒው ተበተነ። ሐኪሙ ስለ አንድ ጉልበት ሃያ ደቂቃ። ጋዜጠኛው ለዓመታት ያህል ስንት ጊዜ እንደወደቁ በመቶኛ አስልቶ መጣ።

ማንም አይደምርም። ያ ነው የሚያስገርመኝ። አራት ወንዶች ቁጥር ቁጥር እያሉ ይጮሃሉ፣ አንድም ሰው እርሳስ አንስቶ አንዲት ወረቀት ከላይ እስከ ታች አይደምርም።

ቅዳሜ፣ 15

ዛሬ ሥራ የለም። ልጻፈው። ለማን እንደምጽፈው አላውቅም እንጂ።

ዋና ሰዓት ያዥ ሆኜ የተሾምኩት በዚያው ዓመት ነበር። ከኔ በፊት ሴት ሰዓት ያዥ አልነበረም። «ሴት ምን ትቆጥራለች?» ይሉ ነበር፣ ሊቀመንበሩም ያኔ የውድድሩ ዳኛ ነበርና ከሁሉ አብልጦ ይል ነበር። አሁን «እህታችን» ይለኛል።

ያን ቀን ድንኳኑ ያፈስ ነበር። ሰዓት ያዥ የሚጽፍበት ቅጽ ሃያ አራት መስመር አለው፤ መሪው ባለፈ ቁጥር የዙሩን ጊዜ አንዲት መስመር ላይ ትጽፊያለሽ። ውድድሩ እየተጋመሰ ሲሄድ ወረቀቴ በስብሶ እስኪሪብቶው መያዝ አቃተው። ሌላ ቅጽ አወጣሁና ከደረስኩበት ቀጠልኩ። ሃያ አራተኛው መስመር ሲሞላ ለባንዲራ ያዡ ምልክት ሰጠሁ። በቃ። ይህን ነው ያደረግኩት። ዝናብ ነበር። ማንም ቢሆን ወረቀት ይቀይር ነበር።

ሜካኒኩ ግን ወዲያው እየሮጠ መጥቶ «አንድ ዙር ይቀራል! እባካችሁ አንድ ዙር ይቀራል!» ብሎ ጮኸ። ዳኛው ወረቀቱን ጠየቀኝ። ሁለቱን ወደ አንድ ደረቅ ቅጽ ልገልብጥ፣ ትንሽ ታገሱኝ አልኩ። አምስት ደቂቃ ሰጡኝ። ገልብጬ ሰጠኋቸው። ሃያ አራት መስመር፣ ሃያ አራት ጊዜ። ሜካኒኩ ወረቀቱን አየ። «እንግዲህ እኔ ነኝ» አለ።

ለምን ዛሬ ይህን እንደምጽፍ አላውቅም። ስለ መገልበጡ ሌላ የምለው የለኝም።

ሰኞ፣ 17

ታላቅ እህቴ፣ ቁርስ ላይ፣ ሬዲዮኗን ሳታጠፋ፦ «በእንቅልፍሽ ትቆጥሪያለሽ። ከአስራ ስድስት አታልፊም።»

ተነስቼ ሄድኩ። ሻዩ እንደተቀዳ ቀረ።

ሐሙስ፣ 20

ቱ! ምን ዓይነት ጉድ ነው።

ጋዜጠኛው ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ ገባ። «አገኘሁት! ታላቅነት በዋንጫ አይለካም፣ በአጥንትም አይለካም። ታላቅነት አለመዛነፍ ነው» አለ። የዚያን የዝናብ ቀን የሰዓት ወረቀት ከመዝገቡ አውጥቶ በትልቁ አሳትሞ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። የኔን ጽሕፈት። የኔን ፊርማ። ወረቀቱ የበር ቁመት ያህላል።

«አስራ ስድስተኛውን ዙር ተመልከቱ። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ስምንት ነጥብ አራት። አስራ ሰባተኛውንም ተመልከቱ። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ስምንት ነጥብ አራት! በዝናብ! በተበላ ጎማ! የሰከንድ አንድ አስረኛ እንኳ ልዩነት የለም። አርባ ዓመት መዝገብ አገላብጫለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር አንድም ቦታ የለም። ቡልዶዘር ገፊ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ሰዓት ነበር ሰውየው!»

ሐኪሙ መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ። «እጄን ሰጠሁ» አለ። ሊቀመንበሩ አጨበጨበ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፦ «እህታችን፣ አንቺ ነሽ የያዝሽው። አረጋግጪልን እስቲ።»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። አፌን እንኳ አልከፈትኩም፤ ራሴን ነው የነቀነቅኩት።

ሜካኒኩ ወረቀቱ ፊት ብዙ ቆመ። ከዚያ ያለ ቅናት፣ ከልቡ፣ «ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ወንድሜ ይህን አላደረገም። እውነቱን መናገር አለብኝ» አለ። ሊከራከርበት ይዞት የመጣውን ንግግር አጥፎ ኪሱ ከተተው።



ዓርብ፣ 21

ቁርስ አልወረደልኝም። ምሳም። እሺ፣ ልጻፈው ወጥቶ ይለቅልኝ።

አስራ ሰባተኛ ዙር የሚባል ነገር የለም። እርጥቡ ወረቀት ላይ አስራ ስድስት ጊዜ ጽፌያለሁ። አዲሱን ቅጽ ሳወጣ አስራ ሰባተኛውንም የጻፍኩ መስሎኝ ከአስራ ስምንት ጀመርኩ። ቅጹ ሃያ አራት ሲል ሰዎቹ የዞሩት ሃያ ሦስት ነበር። ባንዲራውን አንድ ዙር አስቀድሜ ያስወረድኩት እኔ ነኝ። ሜካኒኩ ልክ ነበር። ሰሌዳውም ልክ ነበር።

ይሄ ስሕተት ነው። ስሕተት ብቻ ቢሆን አፌን ሞልቼ እናገረው ነበር። ግን ድንኳኑ ውስጥ፣ በዚያች አምስት ደቂቃ፣ ስገለብጥ ባዶዋን መስመር አየኋት። ውጭ «ሴት ምን ትቆጥራለች» ያለው ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ከላይዋ ያለውን ቁጥር ወስጄ ደገምኩት። ሌላ ቁጥር ለማሰብ እንኳ አልተጨነቅኩም። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ስምንት ነጥብ አራት። አሁን ይህች ቁጥር ናት የዘመናት ታላቁ ሰው ማስረጃ። የኔ ስንፍና ናት ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው።

ያኔ ከነበሩት ተመልካቾች፣ ከሌሎቹም ቡድኖች የቆጠረ አልነበረም? ነበረ ይሆናል። ግን ከሁለቱ በቀር ሁሉም አንድና ሁለት ዙር ተቀድመው ነበር፤ ስለ ራሱ ዙር እርግጠኛ የሆነ አልነበረም። ወረቀት ሲያዩ ሁሉም ወረቀቱን አመኑ።

እርጥቡ ወረቀት አሁንም ቁምሳጥኔ ውስጥ ነው፣ ከተከታዩ ቅጽ ጋር። ያልቀደድኩት ታማኝ ስለሆንኩ አይደለም። መቅደድ ስለፈራሁ ነው።

ራሴን እጠየፈዋለሁ። ግን እነሱንም እጠየፋቸዋለሁ፣ ይህን መተው አልችልም። ያቺ ወረቀት ስትደመር፣ ውድድሩ ፈጀ ተብሎ እዚያው ፋይል ውስጥ ከተጻፈው ጊዜ በሁለት ደቂቃ ግድም ትበልጣለች። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ደምሮ ቢሆን!

ሰኞ፣ 24

እናትየዋ እንደገና መጣች። አላየኋትም ብዬ ቀና ሳልል ሌላ ሰው ጠራሁ።

ሐሙስ፣ 27

ነገርኳቸው። ሰዓቱን ቀድሜ ሄጄ፣ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ።

ሜካኒኩ አልነበረም። ታች ጋራዥ ነበር፤ ሊቀመንበሩ መኪናዬ ትንጫጫለች፣ እስቲ እያት ብሎ ከመኪናው ሥር አስተኝቶታል።

ደመርኩላቸው፣ ፊታቸው። ጋዜጠኛው ፊቱ አመድ መሰለ። «በሬዲዮ ተናግሬዋለሁ እኮ። ሁለት ጊዜ ተናግሬዋለሁ» አለ። ሌላ ያሳሰበው ነገር የለም። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አደረገ፣ አውልቆ ጠረገ። ሊቀመንበሩ ኦቾሎኒውን ማኘክ አላቆመም።

«እህታችን፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ። ባንዲራ ከወረደ ወረደ ነው። በስሕተትም ቢወርድ ውጤቱ ባንዲራው የወረደበት ዙር ላይ ይጸናል። ስለዚህ ቡልዶዘር አምስት ነው፣ አልተቀየረም።»

«ደንቡን አውቃለሁ። ዋንጫውን አምጡ አላልኩም። አስራ ሰባተኛው ዙር የለም ነው የምለው። ያን ሰውዬም ዙር በላው አትበሉት ነው የምለው!»

«ቀልድ ነው እኮ እሱ።»

«ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍልኝ።»

«እሱማ አይሆንም። በዓሉ ደርሷል፣ መቀመጫው ላይ የሚቀረጸው ጽሑፍ ለድንጋይ ቀራጩ ተልኳል። ዕድልም የታላቅነት አንዱ መለኪያ ነው ብለን እንለፈው። እንዲያውም ጥሩ ሐሳብ ነው፣» ወደ ጋዜጠኛው ዞሮ፣ «ዕድል የሚል ነጥብ ጨምርበት።»

ጋዜጠኛው ጻፈ! እውነቴን ነው፣ እርሳስ አንስቶ ጻፈ!

ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ማንም አላወረደውም። በዚህ መሃል ሜካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። «ቀበቶዋ ነው፣ አጥብቄያታለሁ» አለ ለሊቀመንበሩ። ወረቀቶቼን ሰበሰብኩ። እኔ ነኝ የሰበሰብኳቸው፣ ማንም አላዘዘኝም። እጄ በራሱ ሄደ።

ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ለቡልዶዘር፣ ሁለት ለሐር። ሁለቱ እኔና ሜካኒኩ ነን። እሱ ዞር ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት ያሰቡልን» አለኝ፤ ከዚያ ሦስቱንም ጨበጣቸው። «ይሁን። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ እየሳቀ።

አራታችንም እያወቅን ዝም ጭጭ አልን። ፊቱ ላይ።

ቅዳሜ፣ 29

ሐር ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ ታላቁ ይወቅና እሱ ሄዶ ወንድሙን ያንኳኳ፣ እንዲህ ይሻላል ብዬ ነው። ወይስ ታናሽየው ፊት መቆም ፈርቼ? ሁለተኛው ነው።

መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ከፍቷል። ወፍሯል፤ ሆዱ ጠረጴዛውን ይነካል። ግድግዳው አራቱን ዋንጫ ከፍ አድርጎ በተነሳው ፎቶ ተሞልቷል፤ ወንድሙ የቆመበት ጎን ከሁሉም ላይ ተቆርጧል።

ነገርኩት። እየነገርኩት ፊቱ እየበራ መጣ። ሳልጨርስ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው።

«አምስት! አላልኩም? አምስት ነበርኩ! ያን ሰውዬ በመጨረሻው ኩርባ እበላው ነበር። ለጋዜጣ እንስጠው። ወረቀቱን ይዘሻል?»

«ስለ ወንድምህስ?»

«ስለ ወንድሜ ምን?»

«ሰሌዳውን ልክ ነው ያሳየህ። ሁለት ነበር የቀረው።»

ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «እሱም እኮ እርግጠኛ ቢሆን ኖሮ ይከራከር ነበር።»

«ተከራክሯል። ዝም ያለው የኔን ወረቀት ሲያይ ነው።»

«ሌላም ጥፋት ነበረበት። አንቺ አታውቂውም።»

«ሂድና አንኳኳ፣ በእናትህ።»

«እኔ? ታላቁ ሆኜ? ምን ብዬ ልጀምር? አስራ ስምንት ዓመት ያልኩትን ሁሉ…» ብሎ አቋረጠው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ለሱ ሳይነገረው፣ የዋንጫውን ብቻ ጋዜጣ ላይ ማውጣት አይቻልም?»

አንጀቴን አሳረረው። ይሄን ሰው ነው ሐር የምንለው! ይሄን ሰው ነው ከቡልዶዘር ይበልጣል ብዬ ድምፅ የሰጠሁት። ኩርባ ላይ ሲገባ አይቼው እምባዬ መጥቶ ያውቃል እኮ። ተነሳሁ። በሩ ላይ ስደርስ «ወረቀቱን ግን እንዳታጠፊው» አለኝ።

ሰኞ፣ 1

ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤውን ለፊርማ ላከ። «ኮሚቴው በሙሉ መግባባት» ይላል። አልፈረምኩም። ሁለት መስመር ጽፌ፣ ድምሩን አያይዤ መለስኩት። ያነበው ይሆን? አይመስለኝም።

ለታላቅ እህቴ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ሰምታ ሰምታ «እና ለልጁ ነገርሽው?» አለች። ልጁ የምትለው ሜካኒኩን ነው።

«አልነገርኩትም።»

«ታዲያ ለማን ነው የተናገርሽው እስካሁን?»

ሐሙስ፣ 4

ከሥራ እንደወጣሁ ሄድኩ። ሱቁ ጠባብ ናት፣ የአንድ ክፍል ያህል። ሞተር ፈትቶ ዕቃውን ጋዜጣ ላይ በተራ ደርድሮታል። ሲያየኝ ተነሳ። በርጩማውን በክንዱ ጠርጎ «ይቀመጡ እትዬ፣ ምን እግር ጣለዎት?» አለኝ።

አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ አልጀምረውም ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች ሰጠሁት። እጁ ዘይት ስለሆነ አልተቀበለኝም፤ ሥራ ጠረጴዛው ላይ ይዘርጉልኝ ብሎ በአገጩ አሳየኝ። ዘረጋሁለት። «ቁጠራቸው» አልኩት።

እንዳይቆሽሽ ብሎ በጣቱ አልነካውም። በጠመንጃ መፍቻው ጫፍ፣ ወረቀቱን ሳያስነካ፣ ከላይ ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የበሰበሰውን ወረቀት ጨርሶ ወደ ሁለተኛው አለፈ። ሃያ ሦስት ላይ ቆመ። እንደገና ጀመረ፣ አሁን ከታች ወደ ላይ። ሃያ ሦስት።

«አስራ ሰባተኛው የታለ?» አለኝ።

«የለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ድንኳኑ ውስጥ፣ ስትጠብቁኝ።»

ሁሉንም ነገርኩት። ለኮሚቴው መናገሬን፣ እሱ ሲገባ ወረቀቱን መሰብሰቤን፣ ወንድሙ ዘንድ መሄዴን። ወንድሙ ያለውንም አልደበቅኩትም። ያን ስነግረው ቀና ብሎ አላየኝም። ወረቀቱን ነው የሚያየው።

«ሁለት ብዬ ነበር ያሳየሁት» አለ።

«ሁለት ነበር።»

«ልክ ነበርኩ እኮ።»

«ልክ ነበርክ።»

መፍቻውን አስቀመጠ። በርጩማው ላይ እሱ ተቀመጠበት። እኔ ስድብ እጠብቃለሁ፤ እንዲሰድበኝ ፈልጌ ነበር፣ ብሰደብ ይቀለኝ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ ለማለት አፌን ስከፍት እጁን አነሳብኝ፣ ዝም በይ ዓይነት። ውጭ መኪና ጥሩምባ ይነፋል፣ አንድ ደንበኛ በሩ ላይ መጥቶ «አልደረሰም?» ብሎ ጠየቀ። «ነገ» አለው። ደንበኛው ሄደ።

«እናታችን የተቀበረች ቀን» አለኝ፣ «ወንድሜ ከመቃብሩ ማዶ ነበር የቆመው። አፈር ሲጣል እንኳ ከኔ ጎን አልመጣም። እሷ ሁለታችንን አንድ ላይ ሳታይ ነው የሄደችው። ትዝ ይልሻል?»

«ትዝ ይለኛል።»

«አንቺ አጠገቤ ነበርሽ። ክንዴን ይዘሽኝ ነበር። እኔ አንዲት ዙር በመሳሳቴ ቤታችን ፈረሰ ብዬ ሳለቅስ፣ አይዞህ፣ ሰው ነህ፣ ሰው ይሳሳታል አልሽኝ።»

ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተከልኩ።

«ብለሽኛል ወይስ አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ» አልኩት።